መጽሐፉ 9 ይላል፣ ውሃው 7 ይላል

(ከጥቂት ሳምንታት በፊት አቃቂ ውስጥ፣ በአንድ አዳራሽ፣ ለሳይንስ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው ያደረግሁት ንግግር ነው። ስጽፈው ትንሽ አሳጥሬዋለሁ። መብራት ሄዶ ያለ ማይክ የጮህኩበትን ክፍል ግን አልነካሁትም።)

እንደምን ዋላችሁ።

በጥያቄ ልጀምር። ውሃ በስንት ዲግሪ ነው የሚፈላው?

"መቶ!" አላችሁ። አዳራሹ በሙሉ፣ በአንድ ድምፅ። ጥሩ። ከልጅነታችሁ ጀምሮ ስትሉት የኖራችሁት ነው። እኔም እንደዚያው። አሁን ሁለተኛው ጥያቄ። ከመካከላችሁ ድስት ጥዶ፣ ቴርሞሜትር ነክሮ፣ እዚሁ አቃቂ ውስጥ የለካ አለ? እጅ አውጡ።

አንድም እጅ የለም። እሺ። እመለስበታለሁ።

የግብዣው ወረቀት "የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ምርምር መሥራቱ ያለው ጥቅም" ይላል። ርዕሱን ሳነበው ትንሽ ፈራሁ። እንዲህ ያለ ርዕስ ሲሰጥ ተናጋሪው ጥቅሞቹን አንድ፣ ሁለት እያለ ይቆጥራል። ታዳሚው ያዛጋል። ከዚያ ሻይ ይመጣል። እኔ የምቆጥረው የለኝም። ያለኝ አንድ ታሪክ ነው። በራሴ የደረሰ፣ ትንሽም የሚያሳፍር።

የመጨረሻ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ነበርኩ። የተማርኩበትን ቦታ ስም አልጠራም፤ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ያኔም እንዳሁኑ ለመመረቅ ሲኒየር ፕሮጀክት መሥራት ግድ ነው። ቡድናችን አምስት ነበር። አምስት ማለት በእኛ ቤት አቆጣጠር ሁለት ማለት ነው። ሁለቱ ይሠራሉ፤ ሦስቱ ስማቸው ሽፋኑ ላይ በትክክል መጻፉን ያረጋግጣሉ።

(ሳቃችሁ። ማን ማን እንደሆናችሁ ታወቀ።)

የደረሰን ርዕስ የትንሹ አቃቂ ወንዝ ውሃ ምን ያህል ኦክስጅን እንዳለው መለካት ነበር። ዓሣ የሚተነፍሰው ውሃ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ነው። እሱ ካለቀ ወንዙ ይፈስሳል እንጂ በሕይወት አለ ለማለት ይቸግራል። ወደ ወንዙ ከመውረዳችን በፊት አማካሪያችን አንድ ምክር ሰጡን። በዓመቱ ውስጥ የሰጡን ምክር ሁለት ብቻ ነው፤ ሁለቱም ግን ወርቅ ነበሩ። የመጀመሪያው ይኼ ነው፦ "መልሱን በማታውቁት ውሃ አትጀምሩ። መጀመሪያ መልሱን በምታውቁት ሞክሩ።"

ዘዴው የዊንክለር ዘዴ ይባላል። ላዮሽ ዊንክለር የተባለ የሃንጋሪ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1888 ያወጣው ነው። ያኔ ገና የ25 ዓመት ጎረምሳ ነበር። ውሃው ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ማንጋኒዝ ሰልፌት ይጨመራል። ቀጥሎ አዮዳይድ ያለበት አልካሊ። ኦክስጅን ካለ ቡናማ አተላ ይወርዳል። ከሌለ አተላው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ይህችን የነጭና የቡናማ ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ ትመጣለች። ከዚያ አሲድ ሲገባበት አተላው ይሟሟና አዮዲን ይወጣል። ያንን አዮዲን ቀለሙ እስኪጠፋ ድረስ ታዮሰልፌት የተባለ ኬሚካል ጠብ እያደረጉ መጠበቅ ነው። ስንት ታዮሰልፌት እንደፈጀ ስታዩ ስንት ኦክስጅን እንደነበረ ታውቃላችሁ።

እኛም ዲስቲልድ ውሃ ወስደን አየር እስኪጠግብ ድረስ እንደ እርጎ ናጥነው። የመጽሐፉ ሠንጠረዥ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አየር የጠገበ ውሃ በሊትር 9.1 ሚሊግራም ኦክስጅን ይይዛል ይላል። ለካን። 7.0 ሆነ።

ታዮሰልፌቱን ጠረጠርን። ደፍተን አዲስ በጠበጥን። 6.9። የአዮዲኑን ቀለም አጉልቶ የሚያሳየንን ስታርች ጠረጠርን። አዲስ አፈላን። 7.1። ጠርሙሱን ጠረጠርን፣ ውሃውን ጠረጠርን፣ በመጨረሻም እርስ በርስ ተጠራጠርን። ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ።

አንድ ቀን ጓደኛዬ "ስማ፣ መልሱ 9.1 እንደሆነ እናውቃለን አይደል? ታዲያ ምን አስጨነቀን? 9.0 ብለህ ጻፍና ወደ ወንዙ እንሂድ" አለኝ። 9.1 ሳይሆን 9.0 ያለው እውነት እንዲመስል ነው። ተንኮሉ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ጻፍኩ። በእስክሪብቶ። 9.0፣ 8.9፣ 9.2። ቆንጆ ሠንጠረዥ ወጣው። እንኳን ሌላ ሰው እኔ ራሴ አመንኩት።

ላቦራቶሪው ውስጥ፣ እኛ ላብ በምንለው፣ አንድ አንጋፋ ቴክኒሺያን ነበሩ። ጋሼ ነው የምንላቸው። ዲግሪ አልነበራቸውም። ግን ግማሹን መምህር ተማሪ ሳለ ያውቁታል፤ ስለዚህ ማንንም አይፈሩም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስንደፋና ስንበጠብጥ አይተውናል። ያን ቀን እየሳቅን ዕቃ ስናጥብ ሲያዩ ገረማቸው።

"ምነው ዛሬ? ተገኘ እንዴ?"

"ተገኘ ጋሼ። 9" አልኳቸው።

ደብተሬን አነሱ። ገጹን አዩ። ምንም አላሉም። ቢከር ላይ ውሃ ጣዱና ቴርሞሜትር ሰጡኝ። "ሲፈላ ስንት እንደሚል ንገረኝ" አሉ።

ውሃው ተንተከተከ። ቴርሞሜትሩ 93 ላይ ቆመ። ጠበቅሁ። 93። እሳቱን ጨመርኩ። 93።

"ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል" አልኩ።

ሌላ ሰጡኝ። 93።

"እሱም ተበላሽቷል?" አሉኝ።

እዚህ የተቀመጡ እናቶች ነገሩን ከእኔ ቀድመው ያውቁታል። ሽምብራ እዚህ ለመብሰል የሚፈጀውን ጊዜ፣ መተሐራ ወርዳችሁ ስትቀቅሉ ከሚፈጀው ጋር አወዳድሩ። ቆላ ቶሎ ይበስላል። ደጋ እንጨት ይፈጃል። ምክንያቱ የአየር ግፊት ነው። ያለንበት ቦታ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ነው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው 77 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። (ጣና ዳር ያለችውን ባሕር ዳርን ማለቴ አይደለም። ጅቡቲን አስቡ።) አየሩ ውሃውን የሚጫንበት ጉልበት ሲቀንስ ውሃው በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ ሽምብራው የሚዘገየውም ለዚህ ነው። በዚያው ልክ ውሃው ውስጥ የሚገባው ኦክስጅንም ይቀንሳል። 9.1ን በ0.77 አባዙት። 7.0 ይመጣል።

ሠንጠረዡ አልዋሸም። ከግርጌው በደቃቅ ፊደል "በ760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ግፊት" ይላል፤ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለው ግፊት ማለት ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዓይናችን ሥር ነበር። ትክክል የነበርነው እኛ ነን። ትክክለኛውን ሰርዘን ነው ስህተቱን የጻፍነው።

ደንግጬ ገጹን ልቀደው ስል ጋሼ እጄን ያዙኝ። "አይቀደድም። በአንድ መስመር ሰርዘው፣ ከሥሩ እንዲነበብ። ከጎኑ ቀንና ፊርማ" አሉ። ደብተሩ ይኸው። ከኋላ ያላችሁ አይታያችሁም እንጂ 9.0 ተሰርዛ አለች። ለሥራ ስወዳደር ዲግሪዬን አሳይቻለሁ፤ ይህችን ገጽ ግን ዛሬ ገና ነው የማሳየው።

አሁን እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ነገሩ ያለው እዚህ ነው።

ላብ ሁላችሁም ገብታችኋል። ማኑዋል ይሰጣችኋል። "5 ሚሊሊትር ጨምር፣ ቀስቅስ፣ ቀለሙ ሲቀየር መዝግብ" ይላል። ያ የወጥ አሠራር ነው። አልናቀውም፤ ሽንኩርት መክተፍ ሳይችሉ ዶሮ ወጥ የለም። ግን ማኑዋሉ መጨረሻ ላይ መልሱ ይታወቃል። መምህሩ ያውቀዋል። አምና የወሰደው ሲኒየር ያውቀዋል፤ ሪፖርቱንም በፍላሽ ሰጥቷችኋል። ስለዚህ ቁጥራችሁ ከመልሱ ሲለይ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው፦ ተሳስታችኋል። አራት ዓመት እንዲህ ስትማሩ "ከመጽሐፉ የተለየ ሁሉ ስህተት ነው" የሚል ነገር ሳይታወቃችሁ አጥንታችሁ ውስጥ ይገባል። እኔ 9.0 ብዬ የጻፍኩት ሌባ ስለሆንኩ አይደለም። አራት ዓመት በደንብ ስለሠለጠንኩ ነው።

ምርምር ላይ ግን መልሱን የሚያውቅ ሰው ክፍሉ ውስጥ የለም። ቁጥሩ ፊታችሁ ተቀምጧል። ጥፋቱ የእናንተ ነው? የዕቃው ነው? ወይስ እውነቱ እሱ ነው? ይህን ለመለየት መላ መፍጠር አለባችሁ። ለምሳሌ የእኛን ቁጥሮች እዩዋቸው። 7.0፣ 6.9፣ 7.1። የእጅ ስህተት እንደ ሰካራም ነው፤ ወዲያና ወዲህ ይንገዳገዳል። የእኛዎቹ ግን ቀጥ ብለው ቆመዋል። ይህ ብቻውን ሊነግረን የሚገባ ነገር ነበር፦ ወይ አንድ ነገር ሁልጊዜ በአንድ በኩል እየጎተተን ነው፣ ወይ ውሃው እውነቱን እየተናገረ ነው። ስታትስቲክስ ኮርስ ላይ ይህን ተምሬ ኤ አግኝቻለሁ። ላቡ ውስጥ ግን ትዝ አላለኝም። አያችሁ፣ ማወቅና ትዝ ማለት ይለያያሉ።

ወደ ወንዙ እንውረድ።

ትንሹ አቃቂ ከገፈርሳ በኩል መጥቶ ከተማውን አቋርጦ እዚህ ይደርሳል። ከትልቁ አቃቂ ጋር አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኙና ወደ አዋሽ ይፈስሳሉ። የመጀመሪያውን ጠርሙስ ከላይ፣ ከከተማው በፊት ቀዳን። አተላው ቡናማ። ደስ አለን። ከዚያ በታክሲ፣ በእግር፣ ሳጥናችንን ተሸክመን እዚህ ታች ወረድን። ድልድዩ ሥር ቀዳን። ሪኤጀንቱን ጨመርን። ነጭ። ናጥነው። ነጭ። ለሁለተኛ ጊዜ ቀዳን። ነጭ ሆኖ ቀረ።

"ኦክስጅኑ ዜሮ ነው" የሚል ዓረፍተ ነገር ከዚያ በፊት ሪፖርት ላይ አንብቤያለሁ። ምንም አልመሰለኝም ነበር። ያንን ነጭ አተላ በእጄ ይዤ ሳየው ግን ዝም አልኩ። ይህ ያደግሁበት ወንዝ ነው። ታላላቆቻችን ይዋኙበት እንደነበር ሲያወሩ እየሰማሁ ነው ያደግሁት።

ከወንዙ ዳር አንዲት እናት ጎመን ይለቅማሉ። ጠጋ ብለው "እናንተ ልጆች፣ ምን አገኛችሁበት?" አሉን።

"ኦክስጅን የለውም እማማ።"

ትንሽ አሰቡና "እሱስ ለጎመኑ ምን ያደርገዋል?" አሉ።

መልስ አልነበረንም። ጥያቄው ከእኛ ርዕስ የተሻለ ነበር። እውነትም የውሃው ኦክስጅን ማጣት ለዓሣው እንጂ ለጎመኑም ለሚበላው ሰውም በቀጥታ ብዙ አይነግረንም። ለዚያ ሌላ ነገር መለካት ነበረብን። ቆዳ ሲለፋ የሚወጣው ክሮሚየም አለ። ሌሎች ከባድ ብረቶች አሉ። ከሽንት ቤት የሚመጣው ተሕዋስ አለ። የመመረቂያ ጽሑፋችን የመጨረሻ ገጽ ላይ "ወደፊት ቢጠና" ብለን የጻፍነው የእርሳቸውን ጥያቄ ነው። ስማቸውን አለመጠየቄ ይቆጨኛል።

የምሥጋና ገጹ ላይ ዲኑን አመስግነናል። ዲኑን አይተናቸው አናውቅም።

(መብራቱ የሄደው እዚህ ጋ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው በጩኸት የተነገረ ነው።)

ይሰማል? ከኋላ ይሰማል? እንዲያውም ጥሩ ጊዜ ነው የሄደው። ቀጥሎ የምነግራችሁ ስለ መብራት መሄድ ነው።

በውሃው ውስጥ ያለው ቆሻሻ ምን ያህል ኦክስጅን እንደሚበላ የሚለካበት ሌላ ፈተና አለ። ቢኦዲ ይባላል። ውሃው በ20 ዲግሪ፣ ጨለማ ውስጥ፣ ለ5 ቀን ይቀመጣል። ከዚያ ስንት ኦክስጅን እንደቀረ ይታያል። አምስት ቀን፣ 20 ዲግሪ፣ ሳይቋረጥ። ይህን የደነገገው ሰው የእኛን ሰፈር መብራት አያውቅም። በሦስተኛው ቀን ኢንኩቤተሩ ጸጥ አለ። ጠርሙሶቹን አውጥተን ውሃ የሞላ ባልዲ ውስጥ ከተትናቸው። ባልዲውን በጋቢ ጠቀለልነው። ጋቢው የጋሼ ነው። በየሰዓቱ የባልዲውን ሙቀት እየለካን መዘገብን። መብራቱ ከሰባት ሰዓት በኋላ መጣ። ሪፖርቱ ላይ ሁሉንም ጻፍነው፦ መቼ እንደጠፋ፣ ሙቀቱ ስንት እንደደረሰ፣ ባልዲውን፣ ጋቢውንም ጭምር።

ዲፌንስ ላይ፣ ማለትም ሥራችንን መርማሪዎች ፊት ቀርበን ስናስረዳ፣ አንድ መርማሪ ጋቢው ጋ ሲደርሱ ሳቁ። ከዚያ ግን "ይህን ስለጻፋችሁ ሌላውን ቁጥር ማመን እችላለሁ" አሉ። ከሦስት ወር በፊት በእስክሪብቶ 9.0 የጻፍኩት ልጅ እኔ ነኝ። ፊቴ እንዴት እንደጋለ አትጠይቁኝ።

ዲፌንሱ ግን በሰላም አላለቀም። ማጠቃለያችን ላይ "ወንዙን የበከሉት ፋብሪካዎች ናቸው" ብለን በድፍረት ጽፈን ነበር። አማካሪያችን ሁለተኛውን ምክር ያኔ ሰጡን፣ በሁሉም ሰው ፊት። "ፋብሪካውን ለክታችኋል?" አሉ። አልለካንም። "የመኖሪያ ቤቱን ፍሳሽስ?" እሱንም አልለካንም። "እንግዲያው የምታውቁት ወንዙ ታማሚ መሆኑን ነው። ማን እንዳሳመመው አታውቁም።" ያቺን ዓረፍተ ነገር አጠፋን። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያኔ ጠልቻቸዋለሁ። ዛሬ ዜና ሳነብ፣ ፌስቡክ ላይ ሰው ሲፈርድ ሳይ፣ "ለክተኸዋል?" የምትለዋ ድምፅ ናት የምትመጣብኝ።

ተማሪን በጊዜ ምርምር ውስጥ ማስገባት አዲስ ፈሊጥ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ኤም.አይ.ቲ. የተባለው ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን ከመምህራን ጋር የሚያሠራ ፕሮግራም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ያስጀመሩት ማርጋሬት ማክቪካር የተባሉ መምህርት ናቸው። የሀገሪቱ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ደግሞ ከ1987 ጀምሮ ተማሪዎች የዕረፍት ወራታቸውን ላብ ውስጥ እየተከፈላቸው የሚያሳልፉበት ፕሮግራም አለው። እየተከፈላቸው ያልኩትን ልብ በሉልኝ። በዚህ ያለፉ ተማሪዎች ሲጠየቁ በራሳችን መተማመናችን ጨመረ፣ በሳይንሱ ለመቀጠል ወሰንን ይላሉ። ግን ሳይንቲስት ነንና እንጠራጠር። ምርምሩ ነው ጎበዝ ያደረጋቸው? ወይስ ቀድሞም የሚገቡት ጎበዞቹ ናቸው? ይህን መለየት ከባድ ነው። ስለዚህ "ምርምር የሠራ ሁሉ ይሳካለታል" ብዬ አልሸጥላችሁም።

እንዲያውም ያ ጓደኛዬ፣ 9.0 ጻፍ ያለኝ፣ ላብ እንደማይሆነው ያወቀው በዚያው ፕሮጀክት ነው። "ሕይወቴን ሙሉ ጠብታ አልቆጥርም" አለ። ዛሬ ነጋዴ ነው፤ ከእኔ የተሻለ መኪና ይነዳል። ማስተርስ ሁለት ዓመት ከገፋ በኋላ ቢያውቀው ኖሮ አስቡት።

ስለ እንዶድ ያልሰማ እዚህ የለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ፣ አድዋ፣ እ.ኤ.አ. 1964። ስሙን ሁላችሁም ለፈተና ሸምድዳችሁታል። የረሳችሁት ግን እንዴት እንዳየው ነው። ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተዋል። ሌላው ቦታ ያሉት በሕይወት አሉ። እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ደግሞ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉ ናቸው። በሕይወት ያሉትን ወስዶ የእንዶዱን አረፋ ጨመረባቸው፤ ሞቱ። ከዚያ በኋላ የመጣው የብዙ ዓመት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት እስከማግኘት አደረሳቸው። ግን የመጀመሪያዋን ቀን ብቻ እዩልኝ። ከላይና ከታች ማወዳደር። አንድ ዕቃ፣ ጥቂት ቀንድ አውጣ፣ የእንዶድ አረፋ። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የማይችለው ምን አለው? እንዶዱን ሰው ሁሉ ያየዋል። ቀንድ አውጣውንም ሰው ሁሉ ያየዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ያየ ነው የጠፋው።

"እኛ ጋ መሣሪያ የለም" የሚለውን ዘፈን አውቀዋለሁ። እኔም ዘፍኜዋለሁ። እውነትነትም አለው፤ አንድ ማሽን ተበላሽቶ ሦስት ዓመት ጨርቅ ለብሶ ሲቀመጥ አይቻለሁ። ግን ነጭ ሳፋና ወንፊት ማን አጣ? የወንዙን ድንጋይ በእግር ቀስቅሱ። ከታች ወንፊቱን ደቅኑ። የያዘውን ነጭ ሳፋ ላይ ገልብጡና ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ንጹሕ ውሃ ውስጥ ሦስት ጭራ ያላት፣ ጎኗ ላይ እንደ ላባ የሚርገበገብ ነገር ያላት ትንሽ ነፍሳት አለች። ኦክስጅን ሲጎድል ቀድማ ከሚጠፉት አንዷ ናት። ውሃው ሲበላሽ የሚቀረው ቀይ ትል ነው። ቀይ የሆነው እንደ እኛ ደም ሂሞግሎቢን ስላለው ነው። ጥቂት ኦክስጅን ባለበት ጭቃ ውስጥ የሚኖረውም በዚያ ምክንያት ነው። የእነዚህን ቁጥር ከላይ እስከ ታች በሦስት ቦታ፣ በየወሩ፣ ለአንድ ዓመት ብትመዘግቡ የወንዙን የሕክምና ካርድ ያዛችሁ ማለት ነው። ወጪው የታክሲ፣ የጓንትና የሳሙና ነው። ሳሙናው ቀልድ አይደለም። ያንን ውሃ ነክታችሁ እጃችሁን ሳትታጠቡ እንጀራ እንዳትቆርሱ።

የከተማ ዳር ልጅ መሆን ለዚህ ጥሩ ነው። መሐል ከተማ ያለ ተማሪ የሚያየው አስፋልት ነው። እናንተ በአንድ ወገን ማሳ፣ በሌላ ወገን ኮንዶሚኒየም፣ መሐል ላይ ወንዝ አላችሁ። አባ ሳሙኤል ላይ እምቦጭ ተኝቷል፤ የት ጋ እንደሚበዛ፣ መቼ እንደሚሳሳ በስልክ ካሜራ ከአንድ ቦታ በየሳምንቱ ፎቶ አንሡ። ቂሊንጦም ሆነ ቱሉ ዲምቱ፣ የጉድጓድ ውሃ የሚጠጣ ጎረቤት ካለ ጠይቁ። ቻትጂፒቲ ብዙ ያውቃል፤ ዛሬ ጠዋት ድልድዩ ሥር ያለው ውሃ ስንት ዲግሪ እንደነበር ግን አያውቅም። ሄዶ የለካ ነው የሚያውቀው።

መምህር እንዴት ልቅረብ ለምትሉ። "ምርምር ልሥራ" ብላችሁ አትሂዱ፤ ይሸሻችኋል። ሥራ በዝቶበታል፣ ደመወዙን ታውቃላችሁ። "ይህችን ሠንጠረዥ አነበብኩ፣ ይህች ቁጥር አልገባችኝም" ብላችሁ ሂዱ። ደግሞም ዕቃ አጥባለሁ በሉ። ብዙ ሰው ወደ ሳይንስ የገባው በዕቃ ማጠቢያው በኩል ነው።

ከፎቶ ኮፒ ቤቶቹ ጋር አታጣሉኝ እንጂ፣ "የመመረቂያ ጽሑፍ እናማክራለን" የሚለውን ማስታወቂያ በየምሰሶው አይታችኋል። ማማከር ይባላል። ከፍላችሁ የተጻፈ ሪፖርት ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ከዚያ ግን በሕይወታችሁ አንድ ጊዜ እንኳ ከራሳችሁ ቁጥር ጋር ሳትፋጠጡ ተመረቃችሁ ማለት ነው። ነገ ውሃ የምትመረምሩት፣ መድኃኒት የምትቆጣጠሩት እናንተ ናችሁ። ያኔ መሣሪያው 7 ሲል ምን ትጽፋላችሁ?

በመጨረሻ ጥያቄ ተቀበልኩ። ሁለቱን ልጻፍ።

አንዲት ተማሪ ተነሣች። "ኤግዚት ኤግዛም አለብን። ከ50 በታች ከመጣ ምረቃ የለም። ፈተናው ደግሞ ሪሰርች አይጠይቅም። ለምን ጊዜዬን ላጥፋ?" አለች። ልክ ናት። ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ የሚጠይቀውም ኮርሱን ነው። ስለዚህ በመጨረሻው ሴሚስተር ትልቅ ነገር አትጀምሪ አልኳት። ሁለተኛ ዓመት ላይ ትንሽ ጀምሪ፣ በሳምንት አንድ ከሰዓት። እኔ ግን ያንን የግፊት ጥያቄ በየትኛውም ፈተና ብጠየቅ እስከ መቃብሬ አልስትም። እሷ አልሳቀችም። "እሱ አንድ ጥያቄ ነው፣ ፈተናው መቶ ነው" አለች። ደብተሬን ዘጋሁ።

ሁለተኛዋ እናት ናቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። "ልጄ፣ ይኼ ጥናት እንጀራ ይሆናል ወይ?" አሉኝ።

"ሁልጊዜ አይሆንም እማዬ" አልኳቸው። "ለእኔ ሆኗል። ለጓደኛዬ አልሆነም፤ እሱ ግን ቶሎ አውቆ ሌላ እንጀራ ፈለገ።"

"እንግዲያው ልጅቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዝ ወረድኩ ስትለኝ እውነቷን ነው?"

አዳራሹ ሳቀ። ልጅቷ ያቺው የኤግዚት ኤግዛሟ ናት። ለካ ጀምራለች።

እውነቷን እንደሆነ መመስከር አልቻልኩም፤ አልለካሁትም። ግን እንዲህ ተስማማን። የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ድልድዩ ጋ እንገናኛለን። ቦት ጫማ ያለው ቦት ጫማ፣ የሌለው ፌስታልና ትዕግሥት። ጓንት እኔ አመጣለሁ። ሳፋ ነጭ ይሁን። ወንፊት ግን የቤታችሁን የዱቄት ወንፊት እንዳታመጡ፤ እናቶቻችሁ እዚሁ ተቀምጠው እየሰሙ ነው።